የፋሲካን ረጅም የበዓል ሰሞን እንዴት እንዋለው? ከጸሎተ ሐሙስ እስከ ማዕዶት

የፋሲካ በዓል በሥራ ቀን መቁጠሪያ ላይ የሚዘጋው ዐርብ ስቅለትና እሑድ ትንሣኤ ብቻ ቢሆንም፣ ድካሙም ደስታውም ከጸሎተ ሐሙስ ጀምሮ እስከ ማዕዶት ሰኞ ይዘልቃል። በእነዚህ አምስት ቀናት ስግደቱ፣ ምድጃው፣ ያለ እንቅልፍ የሚያድረው ሌሊት፣ መብሉና የዘመድ ጥየቃው ይደራረባሉ። በብዙ ቤት በዓሉ አድካሚ የሚሆነው ሁሉም ሥራ ወደ ቅዳሜ ስለሚገፋ ነው፤ በትንሣኤ ማለዳ እንግዳው ማዕድ ሲቀርብ፣ ያንን ማዕድ ያዘጋጀችው የቤቱ እመቤት ቆማ ታንቀላፋለች። ስለዚህ ከቅዳሜ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ሥራ ሁሉ አንሥታችሁ ከስቅለት በፊት ጨርሱት፤ የቀረው ምክር ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

በቅድሚያ ቀኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ትንሣኤ በ2019 ዓ.ም. ሚያዝያ 24 ቀን፣ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 8 ቀን ይውላል። ሰኞ በሕግ የሥራ ቀን በመሆኑ፣ ከዘመድ ጋር ለመዋል ወይም ከአገር ቤት ለመመለስ የሚያስብ ሰው ፈቃዱን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ በሳምንቱ ዋዜማ ላይ ሁሉም ያንኑ ሰኞ ይጠይቃልና። በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። በብዙዎቹ አገሮች ከምዕራባውያኑ ፋሲካ ማግሥት ያለው ሰኞ ዝግ ነው፤ ነገር ግን ያ በዓል በ2019 መጋቢት 19 ቀን ስለሚውል፣ የእኛው ትንሣኤ ከአምስት ሳምንት በኋላ በተራ የሥራ ሳምንት መካከል ይመጣል። ለስቅለትና ለማዕዶት ፈቃድ መያዝ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። በ2020 ሁለቱ በአንድ ቀን ስለሚውሉ ያን ዓመት ፈቃዱን ለሌላ ጊዜ መቆጠብ ይቻላል።

ጠላ የሚጠምቅ ቤት ሥራውን ቀደም ብሎ እንደሚጀምር የታወቀ ነው። ሌላው ገበያ ግን እስከ ረቡዕ ቢጠናቀቅ መልካም ነው፦ ሽንኩርቱ፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ ዱቄቱ፣ ለቡናው ፈንዲሻው፣ ለቤተ ክርስቲያን ጧፉ። ዶሮውን ሐሙስ መግዛት ከቅዳሜው ግፊያ ያድናል፤ ታስሮ ለሚያድር ዶሮ ግን እህልና ውኃ መስጠት አይዘንጋ። የገበያው ሸክም የወንዶቹ ቢሆን፣ ሽንኩርት መላጡም በቤተሰቡ ሁሉ መካከል ቢከፋፈል ፍትሐዊ ነው። ዶሮውን አርዶ ቢላዋውን አስቀምጦ የሚወጣ ወንድ በዓሉን አብሬ አዘጋጀሁ ሊል አይገባውም።

ሐሙስ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚቀርበው ጉልባን ነው፤ የተከካ ባቄላና ስንዴ አስቀድሞ ተዘፍዝፎ ካደረ የሚቀረው መቀቀልና ጨው ማድረግ ብቻ ስለሆነ ጊዜ አይወስድም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሊሠራ የሚገባው ዋናው ነገር ቁሌቱ ነው። ለአንድ ዶሮ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ሽንኩርት አድቅቆ በመክተፍ፣ መጀመሪያ ያለ ዘይት በዝግታ እያማሰሉ ውኃውን እስኪጨርስና መልኩ እስኪጠይም ድረስ ማብሰል፣ ከዚያ ዘይትና በርበሬ ጨምሮ ጥቂት በጥቂት ውኃ ጠብ እያደረጉ ማቁላላት ነው። ቅቤና ሥጋ ስላልገባበት ሲበርድ በማቀዝቀዣ እስከ ቅዳሜ ይቆያል። ሌላም ጥቅም አለው። ቅዳሜ ወጡን የምትሠራው ሴት እየጾመች ስለሆነ የምትመጥነው በዓይንና በሽታ ነው፤ ቀማሿም ጾም ያልጀመረ ሕፃን ነው፣ ሕፃን ደግሞ «ያቃጥላል» ከማለት በቀር ብዙ አይነግራትም። የሐሙሱ ቁሌት ግን የጾም ምግብ ስለሆነ ማታ የጾሙ ሰዓት ካለፈ በኋላ ቀምሶ ማስተካከል ይቻላል።

ስቅለት የሥራ ቀን ተብሎ ባይቆጠር ይመረጣል። ከጠዋት ጀምሮ እስከ 11 ሰዓት ድረስ ስግደት ስላለ፣ ሰፋ ያለ ልብስና ለጉልበት የሚሆን ትንሽ ምንጣፍ መያዝ ይጠቅማል። ነፍሰ ጡር፣ ሕመምተኛና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስለ ጾሙም ሆነ ስለ ስግደቱ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር። ብዙ ሰው ሲደክመው ቀድሞ ይወጣል፤ ነገር ግን በመጨረሻ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባን እየነኩ ተጨማሪ ስግደት የሚያዙበት ሥርዓት ስላለ እስከ ፍጻሜው መቆየት ይገባል። ከዐርብ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት የሚያከፍሉ ሰዎች ወደ ቤት ሲመለሱ ማረፍ እንጂ ምጣድ ማሰማት አይኖርባቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ ቄጤማ ያድላሉ፤ ልጆች ይህን ቀን የሚያስታውሱት በግንባራቸው ላይ በሚያስሩት በዚያ ቄጤማ ስለሆነ፣ ከቤት ሥራ አስቀርቶ መውሰዱ ይበጃል። ከዚያ በኋላ ዶሮው ታርዶ፣ በፈላ ውኃ ተነክሮ፣ ተነጭቶና በእሳት ተለብልቦ ወደ 12 ብልት ይወጣል። ሥጋው በሎሚና በጨው ታሽቶ ውኃው ጥርት እስኪል ደጋግሞ ይታጠባል። ቁሌቱ ደርሶ ስለሚጠብቅ፣ በሌላ ቤት ሌሊቱን ሙሉ የሚይዘው ሥራ እዚህ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፤ ቅቤው፣ ብልቱና በመጨረሻም የተቀቀለው እንቁላል ይገባል። ድፎ ዳቦው በጠዋት ይጋገር። ወደ ማታ ሁሉም ምድጃውን ሲለኩስ መብራት መቆራረጡ የተለመደ ስለሆነ፣ ከሰልና ክብሪት ቀርቦ ይቀመጥ። ከ10 ሰዓት በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ፣ በተለይ ልጆቹ፣ ጥቂት ቢተኙ የሌሊቱን ቅዳሴ ነቅተው ያስቀድሳሉ።

ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ቅዳሴው ሲያልቅ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» እየተባባሉ ወደ ቤት መመለስ የበዓሉ ከፍተኛ ደስታ ነው። 55 ቀን ከቅባት ተለይቶ የቆየ ሆድ ግን በአንድ ጊዜ አይደፈርም። አባቶች መጀመሪያ ተልባ ጠጡ የሚሉት ሆድን ያለሰልሳል ብለው ነው፤ ከዚያ አንድ ብልትና ግማሽ እንቁላል ቀምሶ መተኛት፣ ዋናውንም ማዕድ ረፋዱ ላይ ማቅረብ ይመረጣል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ኮሶ የሚተላለፈው በጥሬ ሥጋ መሆኑን እያወቀ ይብላ፤ ለልጆች ግን ጥብስ ይሠራላቸው። ሌሊቱን ቆሞ ያደረና ጠላ የቀመሰ ሰው መኪና መንዳት የለበትም።

ቅርጫ የሚገቡ ጎረቤቶች ስለ በሬው ዋጋ፣ ስለ አራጁ ክፍያና ስለ ቆዳው ሽያጭ የሚስማሙት ሳምንት አስቀድመው ነው፤ በማለዳ ደም ላይ ቆሞ ስለ ገንዘብ መነጋገር ያስከፋል። ሥጋው በንጹሕ ቅጠል ወይም በሸራ ላይ በመደብ ሲደረደር፣ ከሻኛው፣ ከዳቢቱ፣ ከጎድኑ፣ ከጉበቱና ከጨጓራው ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሳል። ከዚያ ሁሉም ቁልፉን ወይም አንድ ሳንቲም ይሰጥና፣ የማን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ ዕቃዎቹን በየመደቡ ላይ ይጥላል። ዕጣው ከወጣ በኋላ «የእኔው አጥንት በዛ» ማለት ነውር ነው። ቅርጫ መግባት ያልቻለ ጎረቤት ካለ፣ ከየመደቡ ጥቂት ተቆርጦ ሳይጠይቅ እንዲደርሰው ማድረግ የቆየ ልማድ ነው፤ ዛሬ በኮንዶሚኒየም ብሎኮች ውስጥም ሲደረግ ይታያል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡናው የጎረቤት ነው፤ በስልክ እንኳን አደረሳችሁ ማለትም ከታላላቆቹ ይጀመር። ያገቡ ልጆች ወላጆቻቸውን፣ አማች አማቶቹን፣ የክርስትና ልጅም የክርስትና አባቱን ድፎ ዳቦ ይዘው የሚጠይቁበት ጊዜ ነው፤ ይሁንና ሁሉንም በአንድ ቀን ለማዳረስ መሞከር የትም ሳይረጋጉ መዋል ነው። ቅርብ ያሉትን እሑድ፣ ራቅ ያሉትን ሰኞ፣ የቀሩትን በሳምንቱ ለዳግም ትንሣኤ ማዛወር ይቻላል፤ በየቤቱም የሚቀርብላችሁ ያው ዶሮ ስለሆነ ጥቂት ጥቂት መቅመስ ያስፈልጋል። ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ሰው ከረቡዕ ባያልፍ ይመረጣል፣ ሐሙስ መናኸሪያው በሰው ይጨናነቃልና። ወደ ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ለመዝናናት የሚያስቡም ማደሪያውን አስቀድመው ይያዙ።

ማዕዶት የቤቱ ምግብ ሠሪዎች የሚያርፉበት ቀን ቢሆን እወዳለሁ፤ ያለፈው ወጥ ይሞቃል፣ ዕቃውን ልጆች ያጥባሉ። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዐርብም ስለማይጾም ሥጋውን በጥድፊያ መጨረስ አያስፈልግም። የተረፈው ቀይ ሥጋ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በረጅሙ ተዘልዝሎ፣ በጨው፣ በበርበሬና በቅመም ታሽቶ፣ ዝንብ በማይደርስበትና ነፋስ በሚያገኝ ገመድ ላይ ይሰጣል፤ በቂ ሲደርቅ የሚቀጥለው ወር የቋንጣ ፍርፍር ይሆናል።