ጥጃው በሳምንቱ ካስቀመጠው መጀመሪያ ስለ እንገሩ ጠይቁ

ከጫጫ፣ ከደብረ ብርሃን ዙሪያና ከጣርማበር ስለ ጥጃ የሚደወልልኝ ስልክ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ትናንት ማታ ደህና ነበር፣ ዛሬ ግን መነሳት አቃተው።» ዕድሜውን ስጠይቅ ስድስት ቀን፣ ስምንት ቀን፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ቀን ይሉኛል። ቀጥሎ የሚመጣው «ምን መድኃኒት ልግዛ?» ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው። በስንት ሰዓት ተወለደ? እንገር የቀመሰው በስንት ሰዓት ነው? ስንት ሊትር ጠጣ? መልሱን ስሰማ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ይገባኛል። በስምንተኛው ቀን የወደቀ ጥጃ ጣጣው የጀመረው በተወለደበት ሌሊት ነው። ስለ ደረቅ ጉዝጓዝ፣ ስለ እትብትና አዮዲን፣ ስለ ዕቃ ማጠብ እዚህ አላነሳም፤ እሱን ታውቁታላችሁ።

ተቅማጥ፣ ከተወለደ እስከ ሁለት ሳምንት

ምልክቱ፦ እበቱ እንደ ውሃ ይቀጥናል፣ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ይሆናል፣ ጅራቱና የኋላ እግሩ ይጨቀያል። ዐይኑ ይጎደጉዳል። ጆሮው ይወድቃል። ጣታችሁን አፉ ውስጥ አስገቡ፤ ደህና ጥጃ ወዲያው ይጠባችኋል፣ አፉም ይሞቃል። የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ልቀቁ፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ውሃ አልቆበታል።

ምክንያቱ፦ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ከሆነ ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው የሚጠረጠረው። ከአምስተኛው ቀን በኋላ ሮታና ኮሮና ቫይረስ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውም ተህዋስ ይመጣሉ። እነዚህ ግን በየበረቱ አሉ። አንዱን ጥጃ ጥለው ሌላውን የሚያልፉት ለምንድን ነው? ልዩነቱ እንገሩ ላይ ነው።

የሰው ልጅ በማህፀን ሳለ ከእናቱ ደም በሽታ መከላከያ ይደርሰዋል። ጥጃ አይደርሰውም፤ የላም እንግዴ ልጅ ያን አያሳልፍም። ስለዚህ ጥጃ ባዶ እጁን ነው የሚወለደው። መከላከያው ያለው እንገር ውስጥ ነው፤ የጥጃው አንጀት ደግሞ ያን መከላከያ እንዳለ ወደ ደም የሚያሳልፈው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ከተወለደባት ደቂቃ ጀምሮ እየጠበበ ይሄዳል፣ ከ6 ሰዓት በኋላ በጣም ይቀንሳል፣ 24 ሰዓት ሲሞላ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። በማግስቱ አምስት ሊትር እንገር ብትግቱት ምግብ ይሆነዋል እንጂ ደሙ ውስጥ አይገባም። እንገሩ ራሱም አይጠብቅም፤ ላሟ ሳትታለብ በቆየች ቁጥር በአዲስ ወተት እየቀጠነ ይሄዳል።

አንድ ኅዳር ጫጫ አካባቢ ተጠርቼ ሄድኩ። ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። ጥጃዋ የፈረንጅ ዲቃላ፣ ዘጠኝ ቀኗ። ባና አልብሰዋታል፣ አጠገቧ ፍም አድርገዋል፤ በእንክብካቤ የጎደለባት የለም። ጣቴን አፏ ውስጥ ሳስገባ ምላሷ ቀዝቅዟል፣ ለመጥባት እንኳ አልሞከረችም። የአንገቷ ቆዳ እንደቆነጠጥኩት ተቆልሎ ቀረ። እማማን «እንገር መቼ ጠጣች?» አልኳቸው። «እንግዴ ልጁ እስኪወርድ ጠብቀን ነዋ ልጄ! ሳይወርድ እንዴት ትጠባለች?» ላሟ የወለደችው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። እንግዴ ልጁ የወረደው ከቀኑ 9 ሰዓት። በመሀል 13 ሰዓት አለፈ። የመጀመሪያው እንገር ታልቦ፣ ተጥዶ፣ እንደ አይብ ረግቶ ለልጆች ታድሏል። ለጥጃዋ የደረሳት ከሁለተኛው አለባ አንድ ጣሳ ነው። ግሉኮስ በደም ሥሯ ሰጠናት፣ አልነጋላትም። እማማ ደጋግመው «ምን አጎደልኩባት?» ሲሉ መልሱን መናገር ከበደኝ፤ ግን ተናገርኩ፤ ምክንያቱም ሌላይቱ ላም ለመውለድ ሦስት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ያኛይቱ ጥጃ በተወለደች በሰዓቷ ጠጣች። ዛሬ ጊደር ናት።

ይሄን የእንግዴ ልጅ ነገር ከባሶና ወራና እስከ አንጎለላና ጠራ ሰምቼዋለሁ። እባካችሁ ተዉት። እንዲያውም ጥጃው ሲጠባ የላሟ ማህፀን እንዲኮማተር ያግዛል፣ እንግዴ ልጁም ቶሎ እንዲወርድ ይረዳል። ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ባለሙያ ይጠራ። በእጅ መጎተት የለም፣ ድንጋይ ማንጠልጠልም የለም።

«እንገር ሲበዛ ያስቀምጣል» የሚለውም አለ። እበቱ ትንሽ ሊላላ ይችላል፣ ያ በሽታ አይደለም። ጥጃ የሚገድለው የእንገር ማነስና መዘግየት ነው።

መፍትሄው፣ ላሟ ገና ሳትወልድ፦ ባለ 1 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ አዘጋጁ። ጣሳ በጣሳ ይለያያል፣ «ሁለት ጣሳ ጠጣ» ብትሉኝ የምይዘው የለኝም። የዲቃላ ጥጃ ወደ 35 ኪሎ ከሆነ በመጀመሪያው ሰዓት 3 ሊትር ይጠጣ፤ አልጨርስ ካለ ከፍላችሁ 6 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱለት። በ12 ሰዓቱ ደግሞ 2 ሊትር። የሐበሻ ላም ጥጃ ሃያ ኪሎ ገደማ ከሆነ ለመጀመሪያው 2 ሊትር ይበቃዋል። «ከእናቱ ጋር ትቼዋለሁ፣ ይጠባል» ማለት ብቻውን አይበቃም። ግቷ የተወጠረ፣ ጡቷ የወፈረ ወይም ወደ ታች የወረደ ላም ሥር ጥጃ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልግ አድሮ ሳያገኝ ይነጋል። ቆማችሁ እዩ። ሲጠባ ስሙት፣ ሲውጥ ጉሮሮውን ዳስሱት።

እትዬዎች፣ እንገር በቤት አይቀመስ አላልኩም። የዲቃላ ላም እንገር ለጥጃውም ለቤቱም ይተርፋል፤ የጥጃው ድርሻ ይቅደም እንጂ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ያለውን ጥዳችሁ ብሉ።

ማቀዝቀዣ ያላችሁ፣ ጥሩ ላም ስትወልድ ከመጀመሪያው አለባ አንድ ሁለት ሊትር በንጹህ ጠርሙስ አስቀምጡ። በበረዶው ክፍል ወራት ይቆያል። ጊደር መጀመሪያ ስትወልድ እንገሯ ያንሳል፣ ላም ስትወልድ ትሞታለች፤ ያን ጊዜ ይደርስላችኋል። ስታቀልጡት ግን ጠርሙሱን እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ። አንድ ወጣት በስድስት ወር ያጠራቀመውን ሁሉ በፈላ ውሃ ውስጥ ከቶ አረጋው። የረጋ እንገር መከላከያው ሞቷል። እሳት ላይ አትጣዱ፣ በፈላ ውሃ አትክተቱ።

ተቅማጡ አስቀድሞ ከጀመረው ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ውሃ ቀድማችሁ መልሱለት። የኦ.አር.ኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠው ዱቄት) ፓኬት በ1 ሊትር ውሃ፤ ከጠፋ በ1 ሊትር የፈላና ለብ ያለ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ልክ ልኩን ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ እስከ 2 ሊትር፣ በወተቱ ሰዓት መሀል ስጡት። ወተቱን አታቋርጡ። «እስኪደርቅለት ወተት ከልክዬዋለሁ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ በዚህ ብርድ ወተት የተከለከለ ጥጃ በተቅማጡ ባይሞት በረሃብ ይሞታል። የሚጠባ ጉልበት ከሌለው፣ አፉ ከቀዘቀዘ፣ መቆም ካቃተው በአፍ አትጋቱት፤ በደም ሥር የሚሰጠው ነው የሚያድነው፣ ቶሎ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ አድርሱት።

አንድ ነገር በጣም ያናድደኛል። የሰው ቴትራሳይክሊን ከሱቅ ገዝቶ፣ ካፕሱሉን ከፍቶ ወተት ውስጥ መበተን። ወተቱ መድኃኒቱን ይይዘዋል፣ ቫይረሱን አይነካውም፣ የጥጃውን ሆድ ይበልጥ ያበላሻል። አረቄም፣ በርበሬም፣ ነጭ ሽንኩርት በዘይትም ለሦስት ኪሎ ውሃ ለጎደለው ጥጃ አይሆኑም።

የታመመውን ጥጃ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ሕፃናት አይጠጉት። ክሪፕቶስፖሪዲየምም ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያም ወደ ሰው ይተላለፋሉ።

እበቱ ደም ካለው፦ ጥጃው ከሦስት ሳምንት በላይ ከሆነ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ተህዋስ ይጠረጠራል፣ ትኩሳት ካለው ሳልሞኔላ። ሁለቱም የባለሙያ ናቸው።

ወተት ሲጠጣ ያስለዋል፣ በአፍንጫው ይወጣል

ምክንያቱ የጡጦው ቀዳዳ ነው። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ላስቲክ ቀዳዳው ከመጀመሪያው እኩል አይደለም፣ በሁለት ሳምንት ይሰነጠቃል። ከዚያ ደግሞ «ቶሎ ይጨርስልኝ» ብሎ በምላጭ የሚሰፋ አለ። ደብረ ብርሃን ዳር አንድ ግቢ ሦስት ጥጃ በተከታታይ በሳል ሲሞትባቸው በረቱን አፍርሰው ሌላ ሠርተው ነበር። ጡጦውን ገልብጬ ሳሳያቸው ወተቱ እንደ ቧንቧ ወረደ። ጥጃ በደንብ ሳይጠባ ወተት ጉሮሮው ላይ ሲፈስበት ከፊሉ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ጡጦ ሲገለበጥ ወተቱ ጠብ ጠብ ማለት አለበት፤ ከፈሰሰ ጣሉት፣ አዲስ ግዙ። ሲጠጣ አንገቱ እናቱን እንደሚጠባ ዘርጋ ይበል፣ አናቱን ወደ ሰማይ አታቅኑት።

ከወተት በኋላ ግራ ጎኑ ይነፋል፣ እበቱ እንደ ጭቃ ይለጠፋል

ጥጃ ሲጠባ ወተቱ በቦይ አልፎ ወደ ትክክለኛው ሆድ ይሄዳል። ቀዝቃዛ ወተት በባልዲ ሲጋት፣ ወይም ሰዓቱ ሲዛባ ወደ ትልቁ ሆድ ይገባና እዚያ ይኮመጥጣል። ወተቱ የላሟን ሰውነት ያህል ይሙቅ፣ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከበረት እስከ ማብሰያ ቤት በረዶ ሆኖ ነው የሚደርሰው፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት። በእነዚህ ወራት ሰውነቱን ለማሞቅ ምግብ ስለሚያቃጥል በቀን ግማሽ ሊትር ጨምሩለት። ወተቱን በውሃ ማቅጠን ግን የለም፣ በምንም ምክንያት።

ሆዱ ተንዘርግጎ ጀርባው የሾለ፣ ፀጉሩ የቆመ የሦስት ወር ጥጃ

ወተቱ ቶሎ ተቋርጦ የገብስ ገለባ ላይ የተጣለ ጥጃ ነው። ገለባ ሆድ ይሞላል፣ አያሳድግም። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ከወተቱ በኋላ አንድ ጭብጥ የተፈጨ በቆሎ፣ ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ አቅምሱት፤ ንጹህ ውሃ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ አይለየው። ከወተት የምታወጡት ከዚያ ድብልቅ በቀን ወደ 1 ኪሎ ሦስት ቀን በተከታታይ ሲበላ ነው። «ሦስት ወር ሞላው» ምክንያት አይሆንም። ትላትልም ሊኖርበት ይችላል፣ እበቱ ይመርመር።

ፋጉሎ ስትገዙ እፍኝ ወስዳችሁ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በትኑት፣ አማስሉት። ከሥር አሸዋ ከተኛ በኪሎ ዋጋ አሸዋ እየገዛችሁ ነው። ከሸተተ፣ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ካለው ርካሽ ነው ብላችሁ አትውሰዱ። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበት ይጎዳል፣ በላሟ በኩል ወተቱ ውስጥ ይገባል፣ ልጆቻችሁ ይጠጡታል። ማድረቅም መቀቀልም አያጠፋውም።

ግድግዳ የሚልስ፣ አፈር የሚበላ፦ ጨው ጎድሎት ይሆናል፤ አሞሌ አንጠልጥሉለት። ፌስታልና ገመድ ከለመደ ግቢው ይጠረግ።

የጋሪ ፈረስ፣ ሆዱን እየዞረ የሚያይ፣ የሚንከባለል

ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ የገባው ሁሉ ማለፍ አለበት። ቁርጠቱ የሚመጣው ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምስ ሠርቶ ማታ ደረቅ ፍሩሽካ በጣሳ ሲደፉለት ነው። ውሃ ይቅደም፣ ከዚያ ድርቆሽ፣ ገብሱ ተነክሮ በመጨረሻ ጥቂት ጥቂት። ፋንድያ ካልጣለና እየተንከባለለ ከሆነ መብል አንሱለት፣ ቀስ እያላችሁ አራምዱት፣ ባለሙያ ጥሩ። በአፍንጫው በጠርሙስ ዘይት አትጋቱት።

የመንዝ ግልገል

መንታ ሲወለድ ደካማው ሳይጠባ ይቀራል። የእንገሩ ልክ ለአንድ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊ ሊትር ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት። ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ግልገል 100 ሚሊ፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይርቅም። እናቲቱ ወተት ከሌላት የላም እንገር ይሆነዋል። ከጎረቤት ለምኑ፣ ለብ አድርጉት፣ በትንሽ ጡጦ አጥቡት።