የፎርክሊፍት ኦፕሬተር ሥልጠናና የመጋዘን ደህንነት፦ በጎንደር ለሚሠሩ ሠልጣኞችና ኃላፊዎች

በጎንደር ፎርክሊፍት፣ ማለትም በፊቱ ባለው የብረት ሹካ ጭነት የሚያነሣውን ማሽን፣ ለመማር የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መኪና መንዳት የሚያውቅ ነው፤ አሠልጣኙን የሚያስቸግረውም ይኸው እውቀቱ ነው። መሪና ፍሬን መያዝ ስለለመደ ማሽኑን በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ፎርክሊፍት ከመኪና ይልቅ ለሚዛን ይቀርባል፤ ጭነቱ በአንድ ወገን፣ ከኋላ የተገጠመው ከባድ ብረት በሌላው ወገን ሆነው የፊት ጎማዎቹ መካከል ላይ እንደ ሚዛን መደገፊያ ያገለግላሉ። ስለዚህ ለሠልጣኙ ቁልፍ ከመስጠት በፊት ይህን ሚዛን በሰሌዳ ላይ እየሣሉ ማስረዳት ይገባል።

ትምህርቱ ከማሽኑ የአቅም መግለጫ ቢጀመር መልካም ነው። ብዙ ሰው ከመግለጫው ላይ የሚያነበው አንዱን ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ «2500 ኪሎ» የሚል ካየ ከመተማ ወይም ከሁመራ የመጣ ባለ 100 ኪሎ የሰሊጥ ጆንያ ሃያ አምስቱን በአንድ ጊዜ ማንሣት እንደሚቻል ይደመድማል። በዚህ መጠን ባሉ ማሽኖች ግን ይህ አቅም በአብዛኛው የሚሠራው የጭነቱ የክብደት ማዕከል ከሹካው ቋሚ ክፍል 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲገኝ ነው። 1.2 ሜትር ርዝመት ያለው ፓሌት (ጭነት የሚደረደርበት መደብ) በርዝመቱ ሲነሣ ማዕከሉ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል፤ ኦፕሬተሩ ቸኩሎ ፓሌቱን እስከ መጨረሻው ሳያስጠጋ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ከተወ ደግሞ 70 ይሆናል። ከፊት አክሰል እስከ ሹካው ቋሚ ክፍል ያለው ርቀት 40 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል፣ 2500 በ90 (40 ሲደመር 50) ተባዝቶ ለ110 (40 ሲደመር 70) ሲካፈል 2045 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ያው ማሽን አራት ኩንታል ተኩል ያህል አቅም አጣ ማለት ነው። ይህ ስሌት ለማስተማሪያ ያህል እንጂ ለሥራ አይደለም፤ በሥራ ላይ የሚወስነው በማሽኑ ላይ የተለጠፈው መግለጫ ብቻ ነው፣ ጭነቱ ከፍ ብሎ በተነሣ መጠንም አቅሙ እንደሚቀንስ አብሮ ይነበባል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመገልበጥ ጉዳይ ነው። አራት ጎማ ያለው ማሽን ሚዛኑን የሚጠብቀው ግን በሦስት ነጥብ፣ ማለትም በሁለቱ የፊት ጎማዎችና የኋላው አክሰል በሚወዛወዝበት መካከለኛ ነጥብ ነው። በእነዚህ መካከል ከሚሠራው ሦስት ማዕዘን የክብደቱ ማዕከል ወደ ጎን ሲወጣ ማሽኑ ይገለበጣል። ባዶ ማሽን አደጋ የለውም የሚባለው አነጋገር ስሕተት መሆኑ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፤ ጭነት በሌለበት ጊዜ ማዕከሉ ወደ ጠባቡ የኋላ ጫፍ ስለሚሸሽ በፍጥነት የሚታጠፍ ባዶ ፎርክሊፍት በቀላሉ ወደ ጎን ይወድቃል። በዚህ ላይ መሪው የሚያዞረው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ፣ ሲታጠፍ የኋላ ክፍሉ ወደ ውጭ ጠርጎ ይወጣል፤ በግድግዳና በማሽኑ መካከል የቆመ ሰውም ሊጨፈለቅ ይችላል።

ማሽኑ መገልበጥ ከጀመረ ኦፕሬተሩ ፈጽሞ መዝለል የለበትም። የሰው ደመ ነፍስ ዝለል ዝለል ይለዋል፤ ከዘለለ ግን የጋቢናው ጣሪያ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። ቀበቶው እንደታሰረ መሪውን አጥብቆ ይይዛል፣ እግሮቹን ወለሉ ላይ ያጸናል፣ ሰውነቱንም ከሚወድቅበት አቅጣጫ በተቃራኒ ያዘነብላል። ይህን በቆመ ማሽን ላይ ደጋግሞ ማለማመድ ያስፈልጋል፤ በቃል ብቻ የተነገረ ነገር በዚያች ቅጽበት አይታወስም።

በየፈረቃው መጀመሪያ የሚደረገው ምርመራ ብዙ ጊዜ አይወስድም፦ የዘይት ፍሳሽ፣ ጎማ፣ ሰንሰለት፣ የሃይድሮሊክ ቱቦ፣ ፍሬን፣ የእጅ ፍሬን፣ ክላክስ፣ መብራትና ቀበቶ ይታያሉ። ሹካው የተለየ ትኩረት ይፈልጋል፤ አግድሙና ቋሚው በሚገናኙበት መታጠፊያ ላይ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩ ይመረመራል፣ ውፍረቱም ከመጀመሪያው በአሥር በመቶ ከቀነሰ፣ ለምሳሌ 40 ሚሊ ሜትር የነበረው 36 ከደረሰ፣ ከሥራ ይወጣል። ጉድለት የተገኘበትን ማሽን «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ማስነሣት አይፈቀድም።

በጉዞ ላይ ሹካው ከመሬት 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፣ ማስቱም (ሹካው የሚወጣበትና የሚወርድበት ምሰሶ) ወደ ኋላ ይዘነብላል። ጭነቱ እይታን ከከለለ ወደ ኋላ እያዩ በኋላ ማርሽ ይነዳል። የጎንደር ግቢዎች ብዙዎቹ ተዳፋት ላይ ስለሆኑ የዳገቱ ሕግ እዚህ ከሌላው ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል፦ ጭነት ሲኖር ጭነቱ ሁልጊዜ በዳገቱ በኩል ይሆናል፣ ማለትም ሽቅብ ወደ ፊት፣ ቁልቁል ደግሞ በኋላ ማርሽ ይነዳል፤ ባዶ ሲሆን ተቃራኒው ነው፣ ሹካው ወደ ቁልቁለቱ ይዞራል። ተዳፋት ላይ መታጠፍ ክልክል ነው። በክረምት ደግሞ ከግቢው ጭቃ ይዞ የሚገባ ጎማ በለሰለሰ ሲሚንቶ ላይ ፍሬን አይዝም። ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰ ሰሊጥም ከጭቃ ባልተናነሰ ያንሸራትታል፤ መጥረጊያ በመጋዘኑ ውስጥ የደህንነት መሣሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ግን ማሽኑና ሰው በአንድ ወለል ላይ መደባለቃቸው ነው። ጫኝና አውራጆች ጆንያ ተሸክመው በሚተላለፉበት መጋዘን ተሸካሚው አንገቱን ደፍቶ ስለሚሄድ ማሽኑን አያይም፤ ስለዚህ ጥንቃቄው በእሱ ላይ ሊጣል አይገባም። የእግረኛው መንገድ በቀለም ተሰምሮ ይለያል፤ ቦታ ከጠበበ ደግሞ ሥራው በሰዓት ይከፈላል፣ ማሽኑ ሲሠራ ተሸካሚዎች ይወጣሉ። ከላይኛው ድርድር አንድ ጆንያ ለማውረድ ሰውን በፓሌት ላይ አቁሞ ማንሣት በየቦታው የሚታይ ልማድ ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህን ያደረገ ኦፕሬተር ቁልፉን በዚያው ቀን ማስረከብ አለበት እላለሁ። በተነሣ ሹካ ሥር ማለፍም ሆነ ከኦፕሬተሩ ጎን ተንጠልጥሎ መሄድ እንዲሁ የተከለከለ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ የቢራ ሳጥን የሚጭኑ መኪኖች ተሰልፈው ሾፌሮቹ ሲቆጡ ኃላፊው ሊያስታውሰው የሚገባው ይህንኑ ክልከላ ነው።

በናፍጣ የሚሠራ ማሽን በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያከማች በሮች ክፍት መሆን አለባቸው። የባትሪ ማሽን ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል፤ በአካባቢው ሲጋራም ሆነ ክብሪት አይለኮስም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለሥራው አደጋ እንዲያስገነዝብና የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛውም በተሰጠው መከላከያ እንዲጠቀምና ያየውን ጉድለት እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የጫማና የራስ ቁር ወጪ ከደመወዝ የሚቆረጥበት ምክንያት አይኖርም ማለት ነው።

ሠልጣኙ በባዶ ማሽን፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ጭነት፣ በመጨረሻም ከፍ ባለ ድርድር ላይ ከተለማመደ በኋላ የሚፈተነው በሚሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ በሚነዳው ዓይነት ማሽን ነው። ፈታኙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ማሽኑን የሚያቆምበትን መንገድ ይሁን፦ ሹካውን መሬት አስነክቶ፣ ማርሹን ገለልተኛ አድርጎ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ይዞ ከወረደ ፈተናው ይቀጥላል። ቁልፉን ማሽኑ ላይ ትቶ የወረደ ግን በሌላ ቀን ይመለስ።