የቮልስ ዳሽቦርድ መብራት ሲያስቸግር፦ አምፖል ከመቀየራችሁ በፊት ማሳውን ፈትሹ

ነሐሴ ላይ ደሴ ውስጥ ቮልስ ደጅ የሚያሳድር ሰው ይህን ያውቀዋል። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሌሊቱን መኪናዋ ላይ ተኝቶ ያድራል። ጠዋት መብራት ስታበሩ ዳሽቦርዱ ጨለማ ነው፤ ወይም ፍሬቻ ስታሳዩ ምንም የማይመለከተው መብራት አብሮ ብልጭ ይላል። ከሰዓት ኮምቦልቻ ወርዳ ፀሐይ ሲያገኛት ሁሉም ይስተካከላል። ችግሩ የሚመጣና የሚሄድ ስለሆነ እኔ አምፖል እየቀየርኩ ሁለት ክረምት ገፋሁ። አንድ ባለሙያ ደግሞ ጤነኛ ሽቦ ቆርጦ አዲስ ቀጠለልኝ፤ ለውጥ አልነበረም። መላውን የነገሩኝ ኮምቦልቻ ያሉ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሻን ናቸው። «ልጄ፣ አምፖሉን ተወውና ማሳውን አሳየኝ» አሉኝ። ማሳ ማለት ኤሌክትሪኩ በመኪናው ቦዲ በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መንገድ ነው።

መጀመሪያ ባትሪውን እዩ። ቮልስ ላይ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። 3 ክዳን ያለው 6 ቮልት፣ 6 ክዳን ያለው 12 ቮልት ነው፤ አምፖል ስትገዙ ይህን ሳታውቁ አትሂዱ። ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ኔጋቲቩን ንቀሉ። እግረ መንገዳችሁን የባትሪው መሸፈኛ መኖሩን አረጋግጡ፤ ከሌለ ወፍራም ሰው ኋላ ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ፖዘቲቩን ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ምልክት፦ የኋላ መብራት ይበራል፣ ዳሽቦርዱ ብቻ ጨልሟል

በብዙ ቮልሶች የመብራት ማብሪያው እጀታ ሲዞር የዳሽቦርዱን ብርሃን ያደምቃል፣ ያደበዝዛል። ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ዝጎ ይሆናል። እጀታውን ግራና ቀኝ ሃያ ጊዜ ያህል አዙሩት፤ ብልጭ ካለ መንስኤው እሱ ነው።

ምልክት፦ መብራቱ ይርገበገባል፣ ወይም አንዱን ስታበሩ ሌላው ደብዝዞ ይበራል

ሰው «መኪናዬን ጋኔን ገባባት» የሚለው ይህን ነው። ነገሩ ግን ቀላል ነው። የዳሽቦርዱ አምፖሎች መያዣ ከኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ጀርባ ተሰክቶ፣ ኔጋቲቩን የሚያገኘው በራሱ በቆርቆሮው አካል በኩል ነው። ያ አካል ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዝገት ወይም ቀለም ሲገባበት ኤሌክትሪኩ መመለሻ ያጣል። መመለሻ ያጣ ኤሌክትሪክ ዝም ብሎ አይቆምም፤ በጎረቤቱ አምፖል ውስጥ አልፎ ይመለሳል። ስለዚህ የማይመለከተው መብራት ደብዝዞ ይበራል።

ምርመራው አንድ ክንድ ሽቦ ይበቃዋል። ለዚህ ብቻ ባትሪውን መልሳችሁ እሰሩ። የፊቱን ኮፈን ክፈቱ፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን የካርቶን መሸፈኛ አንሱ። የሽቦውን አንድ ጫፍ ከመቁጠሪያው አካል፣ ሌላውን ቀለም ከሌለው የቦዲ ብረት ጋር አገናኙ። መብራቱ ከተስተካከለ አግኝታችሁታል። ቡናማውን ሽቦ ፈልጉ፤ የጀርመን መኪና ላይ ማሳ ቡናማ ነው። ባትሪውን እንደገና ፍቱ፣ ሽቦው የታሰረበትን ብረት እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩና ላዩን ቫዝሊን ቀቡት። ቫዝሊኑን አትርሱ፤ የደሴ ጉም ለሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል።

ምልክት፦ መብራት ባበራችሁ ቁጥር ፊውዝ ይቃጠላል

ነጩ ፊውዝ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው። በሲጋራ ወረቀት ወይም በመዳብ ሽቦ መተካት መኪና ማቃጠል ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት። በፊውዙ ቦታ ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል በሁለት ሽቦ አገናኙ። ፖዘቲቩ ከብረት ጋር ተነካክቶ ከሆነ አምፖሉ ቦግ ይላል። ከዚያ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነቅነቅ አድርጉ፤ አምፖሉ የደበዘዘበት ቦታ ላይ ቁስሉ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ሽቦ በቆርቆሮ ቀዳዳ የሚያልፍበት፣ ጎማው የወለቀበት ቦታ ነው። ናስትሮ ብቻ አይበቃም፣ ጎማውን መልሱ።

ምልክት፦ ቀዩ የዲናሞ መብራት እየነዳችሁ ይበራል

እዚህ ላይ ደብዛዛና ደማቅ መለየት አለባችሁ። ይህ አምፖል በሞተር ማስነሻ ቁልፉና ባትሪውን በሚሞላው ዲናሞ መካከል ተቀምጧል፤ ሁለቱ እኩል ቮልት ሲሰጡት ይጠፋል። በስሱ የሚበራ፣ የፊት መብራት ሲጨመር የሚደምቅ ከሆነ በቁልፉ በኩል የሚመጣው ቮልት መንገድ ላይ ቀንሷል። ሞተር አስነስታችሁ፣ መብራት አብርታችሁ፣ ቴስተሩን በባትሪው ፖዘቲቭና በቁልፉ 15 ቁጥር መውጫ መካከል አድርጉ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ የፊውዝ ሳጥኑን ጥርሶችና የቁልፉን መጋጠሚያዎች አጽዱ።

ደማቅ ቀይ ግን ሌላ ነገር ነው። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ ስትወጡ ድንገት ከበራ «ቤት ደርሼ አየዋለሁ» አትበሉ። ቮልስ ውሃ የለውም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው፤ ሁለቱንም የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጊያ (የጎማ ቀበቶ) ነው። ቺንጊያው ከተበጠሰ በዚያ አቀበት ሞተሩ ወዲያው ይግላል። ዳር ያዙ፣ አጥፉ፣ የኋላውን ክዳን ክፈቱ። ትርፍ ቺንጊያ፣ 21 ቁጥር ቁልፍና ጠንካራ ካቻቢቴ መኪናዋ ውስጥ ይኑሩ፤ ካቻቢቴው የዲናሞው ፑሌጃ እንዳይዞር በጥርሱ ላይ ይያዛል፣ ቁልፉ ዳዶውን ይፈታል። ከፑሌጃው የሚወጡትን ቀጫጭን ሮንዴላዎች ቆጥራችሁ ያዙ፤ በፑሌጃው ሁለት ግማሾች መካከል በበዙ ቁጥር ቺንጊያው ይላላል።