ኢመልሲፋየር ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኢመልሲፋየር አንድ ጫፉ ውሃን፣ ሌላው ጫፉ ዘይትን የሚይዝ ንጥረ ነገር ነው። የዘይት ጠብታዎችን ሸፍኖ ተመልሰው እንዳይገናኙ ይከላከላል። ዘይቱን የሚያደቀው ግን መምቻው ነው። በደብረ ብርሃን ካፌዎችና ዳቦ ቤቶች ብዙ ምርት የሚበላሸው ይህ ሲዘነጋ ነው።

ለማዮኔዝ የሚረጋ ዘይት መጠቀም። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ፓልም ዘይት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ ረግቶ ያድራል። አቅልጦ መምታት አያዋጣም፤ ማዮኔዙ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ እያንዳንዱ ጠብታ ውስጥ እንደገና ይረጋል፣ ክሪስታሉም ኢመልሲፋየሩ ማለትም አስኳሉ በጠብታው ዙሪያ የሠራውን ሽፋን ይወጋዋል። ቀዝቃዛ ቦታ ካደረ በኋላ ሲሞቅ ዘይቱ ተለይቶ ይንሳፈፋል። የተጣራ የሱፍ ዘይት ይምረጡ። የኑግ ዘይት ባይረጋም ጣዕሙ ሌላውን ይውጠዋል።

ዘይቱን ባንዴ ማፍሰስ። ለአንድ አስኳል 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭና 150 ሚሊ ሊትር ዘይት ይበቃል። እንቁላሉ ከፍሪጅ ወጥቶ ቅዝቃዜው ይለቅ። የመጀመሪያውን 50 ሚሊ ሊትር ጠብ ጠብ እያደረጉ ይምቱ፤ ሲወፍር ቀሪውን በቀጭኑ ያፍስሱ። ዘይት ከለቀቀ አይጣሉት። በንጹሕ ሳህን አዲስ አስኳል አድርገው፣ የተበላሸውን በማንኪያ በማንኪያ እየጨመሩ ይምቱት።

ኢ471ን (ሞኖና ዳይግሊሰራይድ የተባለውን ኢመልሲፋየር) በቀዝቃዛው መበተን። ይህ ዱቄት ወይም ቅንጣት የሚቀልጠው 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። ለአይስክሬም ከሆነ ከስኳሩ ጋር ደባልቀው በሚሞቅ ወተት ውስጥ ይበትኑት፤ ካልቀለጠ ቅንጣቱ ምላስ ላይ ይቀራል። ሌላው ኢመልሲፋየር፣ ፈሳሽ ሌሲቲን፣ ደግሞ ውሃ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ዘይቱ ላይ ይጨመር።

ያልነሣ ሊጥን በኢመልሲፋየር ለማዳን መሞከር። የዳቦ ኢመልሲፋየሮቹ ኢ481 ወይም ኢ472ኢ ለአንድ ኩንታል ዱቄት ከ300 እስከ 500 ግራም ይበቃዋል። ሊጡን ያጠነክራል፣ ዳቦውም ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል፤ እርሾን ግን አያነቃም። በክረምት ሊጡ የሚዘገየው ስለቀዘቀዘ ነው። ውሃውን ለብ አድርገው ሊጡን ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ያድርሱት። በከረጢት የሚሸጠው ኢምፕሩቨር (የዳቦ ማሻሻያ) ድብልቅ ስለሆነ ልኩ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ነው።

እንደ ማቆያ መቁጠር። ኢመልሲፋየር ጀርም አይገድልም። በጥሬ እንቁላል የተሠራ ማዮኔዝ ደብረ ብርሃንም ላይ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ጣርማ በርን ወርዶ ወደ ሞቃታማው ሸዋ ሮቢት የሚሄድ ከሆነ በረዶ ባለበት ሳጥን ይጓዝ። በረዶው ግን ዕቃውን አይንካው፤ ማዮኔዝ በረዶ ከሆነ በኋላ ሲቀልጥ ይለያያል።