በበጋ ቀሚስ ለብሰሽ ከተማሽን ስትዞሪ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ከአንዲት ልጅ ጋር የከተማችንን አሮጌ ሕንፃዎች ልናይ ወጣን። እንደ እኔ ሰው በወንድ ልብስ ሲያውቃት የኖረች ናት፤ ቀሚስ ለብሳ በጠራራ ፀሐይ አደባባይ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። ለዓመታት ስትመኘው የኖረችው ቀን ነበር። አዲስ ቀሚስ፣ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ቦርሳ። 20 ደቂቃ እንኳን ሳንሄድ ጫማው ተረከዟን ልጦት ደም አየሁ። «ምንም አይደል፣ እንሂድ» አለችኝ ከንፈሯን ነክሳ። እጇን ይዤ አንድ ደረጃ ላይ አስቀመጥኳት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ ሁሉንም ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ መልበስ። ስንቴ ልናገር! መስታወት ፊት ቆሞ መዞር ሙከራ አይባልም። መንገድ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ደረጃ ትወጫለሽ፣ የወደቀ ቁልፍ ታነሺያለሽ፣ አውቶቡስ ውስጥ እጅሽን ሰቅለሽ ብረት ትይዣለሽ። ይህን ሁሉ መጀመሪያ ቤትሽ አድርጊው። ስትቀመጪ ቀሚሱ እስከ የት ይሰበሰባል? ክንድሽን ስታነሺ ትከሻው ይይዝሻል? ከዚያ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ቁሚና ፎቶ ተነሺ። ክፍል ውስጥ ድፍን የሚመስል ነጭ ጨርቅ የበጋ ፀሐይ ከኋላው ሲመታው ውስጡን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በቆዳሽ ቀለም የውስጥ ቀሚስ ልበሺበት፣ ይበቃል። ጫማውን ደግሞ ለአንድ ሳምንት ቤት ውስጥ ተንጎራደጂበት። ስትገዢም ከሰዓት በኋላ ግዢ፤ እግር ቀን ሲውል ያብጣል፣ ሙቀት ደግሞ ይብስበታል። ታኮ አትልበሺ አልልም። ከወደድሽው ሰፊ ታኮ ምረጪ፤ ቦርሳሽ ውስጥ ግን ፍላት ጫማና ፕላስተር አይጥፋ።

ቀጥሎ ያለውን እኔም ሠርቼዋለሁ። ሽንት ቤት ላለመግባት ብሎ ውሃ አለመጠጣት። መጀመሪያ አካባቢ የሴቶች ሽንት ቤት በር ላይ መቆሙ ራሱ ያስጨንቀኝ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዬን ሳላረጥብ ዋልኩ። 8 ሰዓት ላይ ዓይኔ ጭልም ሲልብኝ የአጥር ብረት ይዤ መቆሜ ትዝ ይለኛል። ብረቱ ራሱ በፀሐይ ግሎ መዳፌን አቃጠለው። እባክሽ እንዲህ አታድርጊ። ከመውጣትሽ በፊት በመንገድሽ ላይ ለአንድ ሰው የሚሆኑ፣ ከውስጥ የሚቆለፉ ሽንት ቤቶች የት እንዳሉ እወቂ። ካፌም ይሁን ሙዚየም፣ ሁለት ቦታ ካወቅሽ ውሃሽን ያለ ሐሳብ ትጠጫለሽ።

ጭን ለጭን መፋተግን ማንም ቀድሞ አይነግርሽም። ከቀሚሱ ስር አጭር ታይት ልበሺ፣ ወይም ቫዝሊን ተቀቢ።

ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ጠዋት አንዴ ተቀብቶ መርሳትም አለ። ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 የሆነው፣ ቆዳን በዋናነት ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ይከላከላል። ግን በየ2 ሰዓቱ መደገም አለበት። አንገት፣ ጆሮና የእግር ጀርባ ይረሳሉ። ከረፋዱ 4 እስከ 10 ሰዓት ፀሐዩ ይበረታልና ያን ጊዜ ለሙዚየምና ለጥላ ተዪው።

ሽቶ አንገት ላይ ነፍቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ጣጣ ነው። አንዳንድ ሽቶ ውስጥ ያለው የቤርጋሞት (የሎሚ ዘመድ የሆነ ፍሬ) ዘይት ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ላይ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ቀሚስሽ ጫፍ ላይ ንፊው።

ፋውንዴሽን አታብዢ። ላብ ሲመጣ በሶፍት ጫን ጫን አድርጊው እንጂ አትጥረጊው።

አሁን ልቤን ወደሚነካኝ ልምጣ። በገዛ ከተማሽ የሚያውቅሽ ሰው አለ። በሌላ አለባበስ ሲያውቅሽ የኖረ ሰው ጥግ ላይ ብቅ ቢልስ? ብዙዎቹ ይህን ፈርተው ሲመሽ፣ ማንም ወደማያውቃቸው ራቅ ያለ አካባቢ ይሄዳሉ። እኔም ሦስት ጊዜ እንዲያ ወጥቼ ጨለማና የተዘጋ ሱቅ ብቻ አይቼ ተመለስኩ። ለደህንነትም አይበጅም። ጠዋት ውጪ። የምትወጂው፣ መውጫ መግቢያውን የምታውቂው መንገድ ላይ ጀምሪ። ለአንድ ጓደኛሽ የት እንደምትሄጂና መቼ እንደምትመለሺ ንገሪያት። የሚያውቅሽ ሰው ቢያጋጥምሽ የምትይውን አስቀድመሽ ያዢ፦ «ሰላም ነው? እንዴት ከረምክ?» ብለሽ እለፊ። ማብራሪያ አልጠየቀሽም፣ አትስጪ።

የሰው ዓይን ዓይን እያየሽም አትሂጂ። ሰው ያየኝ ይሆን ስትዪ ከተማው ያልፍሻል።

ያቺ ልጅ ፕላስተር ለጥፈን፣ የእኔን ትርፍ ፍላት ጫማ ተጫምታ ጉዞ ቀጠልን። ጫማው በአንድ ቁጥር ይሰፋታል። ልጅ ሆና በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ የምታልፍበት ሕንፃ ጋ ስንደርስ ቀና አለች። በረንዳው ላይ የተቀረጸ የወይን ሐረግ አለ። «ይሄ ድሮም ነበረ?» አለችኝ። ቀሚሷን በአንድ እጇ ከነፋሱ ይዛ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ረጅም ሰዓት አየችው።