ስለ ዕፅዋት በድንችና በጨው ማስተማር

ባዮሎጂ ዋና ትምህርታቸው ያልሆነ፣ የታሪክ ወይም የአካውንቲንግ ተማሪዎች ፊት ስለ ዕፅዋት ልታስተምሩ ቆማችሁ "ኦስሞሲስ ማለት..." ብላችሁ ኖት ማጻፍ አትጀምሩ። ድንች ይዛችሁ ግቡ።

ጥሬ ድንች ልጣችሁ እንደ ቺፕስ በእኩል ቁመት አስቆርጧቸው። በማስመሪያ ይለኩት፣ ሚዛን ካለም ይመዝኑት። ግማሹ ንጹህ ውሃ ውስጥ ይግባ፤ ግማሹ ደግሞ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው በሟሟበት አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ተማሪ ምን እንደሚሆን ገምቶ ይጻፍ፤ ይሄን እንዳትዘሉት፣ የገመተ ሰው ውጤቱን ለማየት ይቸኩላልና።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አውጥተው እንደገና ይለኩት፣ ለማጠፍም ይሞክሩ። ጨው ውስጥ የነበረው ይልፈሰፈሳል፣ ሌላው ጠንክሮ ቀጥ ይላል። "ውሃው የት ሄደ?" ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ይከራከሩ! ስሙን ያኔ ንገሯቸው፦ ውሃ በሴሉ ስስ ሽፋን አልፎ ጨው ወደበዛበት ሲሄድ ኦስሞሲስ ይባላል።

ማይክሮስኮፕ ካላችሁ ከቀይ ሽንኩርት ላይ ሐምራዊውን ስስ ቆዳ ላጥ አድርጋችሁ አሳዩአቸው። የጨው ውሃ ጠብ ሲልበት ሐምራዊው ክፍል ከሴሉ ግድግዳ ተላቆ ይሰበሰባል። እኔ ከዚህ የበለጠ ክፍል የሚያነቃ ነገር አላውቅም።

ለቤት ሥራ የመካከለኛው አዋሽን የመስኖ እርሻ ስጧቸው፤ ጨው የበዛበት መሬት ላይ ያለ ተክል አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ለምን ይጠማል? ስታርሙ ግምቱ ስለተሳሳተ ማርክ አትቀንሱ፤ ምክንያቱን እንዴት እንዳስረዳ እዩለት።