የራዳር ፋይሉ ይከፈታል፣ ሜታዳታው ግን የለም፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆናችሁ የአየር ሁኔታ ራዳር ዳታ በፓይ-አርት (የራዳር ዳታ ማንበቢያ የፓይተን ሶፍትዌር) የምትከፍቱ ተማሪዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ምስሉ ስለወጣ ብቻ ፋይሉ በትክክል ተነብቧል ማለት አይደለም፤ ሜታዳታው፣ ማለትም እንደ ራዳሩ ቦታና ከፍታ ያለው ስለ ዳታው የሚናገር መረጃ፣ ሊጎድል ይችላል።

ኮዱን ከመነካካታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። መረጃው ከመጀመሪያውም ፋይሉ ውስጥ የለም? ወይስ እያለ ሶፍትዌሩ ሳያነሳው ቀርቷል? የፋይሉ ዓይነት ኔትሲዲኤፍ ከሆነ ኤንሲደምፕ በሚባል ፕሮግራም፣ ኤችዲኤፍ5 ከሆነ ኤችዲኤፍቪው በሚባለው ውስጡን ማየት ይቻላል። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ደህና የነበረ ኮድ ሲያፈርስ ያድራል።

ራዳሩ ባሕር ላይ ሲገኝ

ካርታው ላይ ራዳሩ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከታያችሁ ላቲቲዩዱም ሎንጊቲዩዱም 0 ሆነዋል ማለት ነው። የቆዩ የኔክስራድ (የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ራዳሮች መረብ) ፋይሎች የጣቢያውን ቦታ በውስጣቸው አልያዙም። ፋይሉን ስታነቡ "ስቴሽን" በሚለው አማራጭ ባለ 4 ፊደሉን የጣቢያ መለያ ስጡት። መለያው አብዛኛውን ጊዜ የፋይሉ ስም መጀመሪያ ላይ አለ። ግን ፋይሉ በፍላሽና በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንዱ "ዝናብ1" ይለዋል፤ መለያውም እዚያው ይጠፋል። እባካችሁ የፋይል ስም አትቀይሩ። ካስፈለገ ፎልደሩን ሰይሙ።

ከፍታው 0 ሲሆን

ይሄኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ካርታው ላይ አይታይማ። ፓይ-አርት የእያንዳንዱን ነጥብ ከፍታ የሚያሰላው ከራዳሩ ከፍታ ተነስቶ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ደሴ ላይ ራዳር ቆሟል እንበል። ከፍታው 0 ተብሎ ከተነበበ ኮምቦልቻ ላይ ያየው ዝናብ ከመሬት በታች ይወርዳል። "ቅርብ ለቅርብ ናቸው" ብሎ የኮምቦልቻን ከፍታ መስጠትም ከ600 ሜትር በላይ ያሳስታል። ትክክለኛውን ቁጥር ከዳታው ባለቤት ጠይቁ። የመሬቱ ብቻ ሳይሆን የአንቴናው ከፍታ መሆኑንም አረጋግጡ። ካስገባችሁት በኋላ "ኢኒት ጌት አልቲቲዩድ" የሚለውን ትእዛዝ አስኪዱ፤ አለዚያ ቀድሞ የተሰላው ከፍታ እንዳለ ሊቀር ይችላል።

ፍጥነቱ አልስተካከል ሲል

የዶፕለር ፍጥነት (ዝናቡ ወደ ራዳሩ የሚቀርብበት ወይም የሚርቅበት ፍጥነት) ማስተካከያው የናይኲስት ፍጥነት፣ ማለትም ራዳሩ ሳያምታታ ሊለካው የሚችለውን ከፍተኛ ፍጥነት፣ አላገኘሁም ብሎ ይቆማል። "ኢንስትሩመንት ፓራሜተርስ" የሚለውን እዩት፤ ባዶ ሊሆን ይችላል። የኦዲም (የአውሮፓ የራዳር ዳታ ፎርማት) ፋይል ከሆነ "ሃው" በሚለው ክፍል "ኤንአይ" ተብሎ የተቀመጠ ቁጥር ፈልጉ። ካለ ለማስተካከያው በእጃችሁ ስጡት። ከሌለ አስሉት፦ የሞገድ ርዝመት ሲባዛ በፒአርኤፍ (ራዳሩ በሰከንድ የሚልካቸው ምቶች ብዛት)፣ ሲካፈል ለ4። 5.3 ሴንቲ ሜትርና 1,000 ኸርዝ ከሆነ፣ 0.053 × 1,000 ÷ 4 = 13.25 ሜትር በሰከንድ። ራዳሩ ሁለት ፒአርኤፍ እያፈራረቀ የሚሠራ ከሆነ ግን በዚህ ስሌት አትተማመኑ።

የምትፈልጉት ፊልድ ከዝርዝሩ ሲጠፋ

ፓይ-አርት የፊልዶቹን (ራዳሩ የለካቸውን እንደ ፍጥነት ያሉ መጠኖች) ስም ወደ ራሱ ስያሜ ይቀይራል። "ፋይል ፊልድ ኔምስ" የሚለውን "ትሩ" አድርጋችሁ እንደገና አንብቡት፤ ፊልዶቹ በፋይሉ ስማቸው ይመጣሉ። አሁንም ከሌለ የፋይሉን መጠን ከምንጩ ጋር አስተያዩ። ኔት ተቋርጦ ግማሽ የወረደ ፋይል ከሆነ እንደገና ከማውረድ ሌላ መላ የለውም።